እሜቴና የሐጃ ነፊሳ እንቁላል

ባዶውን የከረመው ሳጃና ሰፈር ያለው የስደት ቤታችን እባብ ገብቶበት እንዳይሆን ብላ እህቴ ዛሬ ጠዋት ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ በየደፉ ስትረጭ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ፤ ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ ባላስታውሳቸው የምመርጠውን ጋሽ ይማምን።

ጋሽ ይማም እዚሁ ግቢ አንዲት ክፍል የተከራዩ፣ ማንሺያ በሚባለው ሰፈር የአንድ ሀብታም ቤት ዘበኛ የነበሩ የወሎ ሰው ነበሩ። አትክልተኛው በመቆፈሪያ ጀርባዋን የሰነጠቃትን፣ መርዝ የሌላትን ወፍራም የአሸዋ እባብ ከዚያ ቤት አምጥተው ቁስሏን ካዳኑላት በኋላ “እሜቴ” ብለው ስም አወጡላት፤ ሽቦ በተወጠረበት ሳጥን አኖሯት፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ፤ ለእኛ ለልጆች ከሩቅ ካልሆነ አያሳዩንም ነበር። ለሚስት እንኳ እንዲህ አይጠነቀቁም እያሉ ሴቶቹ ይስቁባቸው ነበር፤ ሳቁ ግን ላይ ላዩን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፣ የኛ ግቢ ሰው ግን አንድም ቀን ከሳጥኗ ወጥታ ሳያያት ነው የበረየው። ልጅ ሲያተኩሰው በእሜቴ ይሳበባል፣ ወተት ሲበላሽ በእሜቴ ይሳበባል፣ ጋሽ ይማም ሲስሉ እንኳ ድግምት እየደገሙ ነው ይባል ነበር።

ከዚያ የአከራያችን የሐጃ ነፊሳ ዶሮዎች እንቁላል መጥፋት ጀመረ። ጋሽ ይማም ቁልፉን እያሳዩ “ወላሂ አልወጣችም፣ እንቁላልም አትበላ” ቢሉ ማን ሰምቷቸው! ከሁሉ በላይ የጮኸችው እናቴ ናት። ሐጃም “ኸላስ፣ በቃ፣ ወይ እባቧ ትውጣ ወይ ክፍሉን ልቀቅ!” አሉ።

እንቁላሉን የምወስደው እኔ ነበርኩ። በቀሚሴ ሸሽጌ ጥግ ካለው ዱካን ከባለሱቁ ዘንድ በጣፋጭ የሰሊጥ ሐላዋ እለውጠው ነበር፤ አንድ ቀን እንቁላሉን ሳስረክብ ከጋሽ ይማም ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል። ስለዚህ ያን ቀን፣ አሁን ይናገሩብኛል፣ አሁን ስሜን ይጠራሉ እያልኩ እናቴ ጉያ ተወሽቄ አፍ አፋቸውን አይ ነበር። አልተናገሩም። እንቁላሉን ይዩ አይዩ እስከ ዛሬ በእርግጥ አላውቅም፣ ማየታቸውን ግን እጠረጥራለሁ። ሳጥኑን ጭናቸው ላይ አድርገው በባለሦስት እግር ሪክሻ ወደ ማዮ ሄዱ፤ ለሚያስላቸው ሰው የማይሆን አቧራማ ሰፈር።

ከዚያ በኋላ ፈርቼ እንቁላሉን መንካት ተውኩ። መጥፋቱም ቀረ። “አላልንም?” አለ ግቢው በሙሉ፤ ሐጃም ደስ ብሏቸው ለየቤቱ ሁለት ሁለት እንቁላል አደሉ። እናቴ ያንኑ እንዳመነች ሞተች። አፍራለሁ፤ ማዮ ድረስ ሄጄ ጋሽ ይማምን አንድም ቀን ፈልጌያቸው አላውቅም። የደረሰንን እንቁላል ግን ከእናቴ ጋር ተካፍዬ በልቻለሁ።