ኦቦ ቃሲም ጣታቸውን ሊያትሙ ሲሉ

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ጎባ ፍርድ ቤት ደጃፍ እንደተቀመጥኩ፣ ማንበብ ጠፋኝ።

አዎ... ማንበብ። ዓይኔ ደህና ነው። ሰው ይታየኛል፣ እጄ ላይ ያለው ወረቀትም ይታየኛል። ፊደሉን ግን አላውቀውም።

ነገሩ በንጉሡ ዘመን ነው፣ ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች። ያኔ ወጣት ነበርኩ። የመንግሥት ቢሮ ሥራዬን ለቅቄ፣ ጃንጥላ ተክዬ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። አለቃ የለብኝም ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ አለቃ የሌለውን ሰው «በቃ፣ አሁን ወደ ቤትህ ሂድ» የሚለውም የለም።

ከጊኒር፣ ከአጋርፋ፣ ከሲናና የመጣው ባለጉዳይ ፍርድ ቤቱ ሳይከፈት ይጠብቀኛል። እምቢ ካልኩ እዚያው ራቅ ብለው ወደሚጽፉት ወደ ጋሽ በየነ ይሄዳል። ስለዚህ እምቢ አልልም። ምሳዬ ሻይ ነው። ያላለቀውን ደግሞ ቤት ወስጄ በኩራዝ እቀጥላለሁ። ባለቤቴ አስካለ «ዓይንህ እኮ ደም መሰለ» ስትለኝ «ይሄ ሰሞን ይለፍ» እላታለሁ። ሰሞኑ ግን አያልፍም።

የዚያን ቀን ባለጉዳዬ ኦቦ ቃሲም የሚባሉ የሲናና ገበሬ ነበሩ። ጎረቤታቸው ኦቦ አማን የገብስ ማሳቸውን «የኔ ነው» ብለው ከሰዋቸዋል። መልሳቸው ከምሳ በፊት መግባት ነበረበት። ጻፍኩላቸው። ልማዴ፣ ጽፌ ስጨርስ እያነበብኩ በኦሮምኛ ማስረዳት ነው። ከዚያ ባለጉዳዩ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል።

ወረቀቱን አነሳሁ... ምንም።

የራሴ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አውቃለሁ። ቀና ብዬ የፍርድ ቤቱን ሰሌዳ አየሁ። በየቀኑ የማየው ሰሌዳ ነው። እሱም ዝም አለኝ።

ከሰነቴ ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እኔ ግን በጀርባዬ ላብ ይወርዳል።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ ኦቦ ቃሲም።

«ምንም» አልኩና... ጉዳያቸውን ስለማውቀው፣ ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ በቃሌ ወረድኩት። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ጣታቸውን ቀለም ነከሩ።

ጣታቸው ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ ሲል አንድ ነገር መጣብኝ። በአፌ ያልኩት ያሰብኩትን ነው። በእጄ የጻፍኩት ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

«ኤጊ! ይቆዩ!» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ምነው?»

«ኦቦ ቃሲም... ማንበብ አቃተኝ። ፊደሉ ጠፋኝ።»

እጃቸውን ከእጄ አወጡ። ሸሸት አሉ። «ያ ረቢ... ጂኒ ነው እንዴ?»

አልተቀየምኳቸውም። እኔም የጠረጠርኩት እሱኑ ነው።

በአቅራቢያዬ ሊያነቡልኝ የሚችሉት ጋሽ በየነ ብቻ ናቸው። ለሳቸው መንገር ደግሞ እንጀራዬን አሳልፎ መስጠት ነው። «ያ ጸሐፊ አበደ» ከተባለ ማን ወደኔ ይመጣል? ቢሆንም ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ።»

የማሾፍባቸው መስሏቸው ፈገግ አሉ። ፊቴን ሲያዩ ፈገግታቸው ጠፋ። ጮክ ብለው አነበቡ። መጀመሪያው ደህና ነበር። «...የተጠቀሰው የገብስ ማሳ የኦቦ አማን መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ወረደ።

ኦቦ ቃሲም አማርኛው እምብዛም ባይገባቸውም ስሙን ሰምተዋል። «አማን? ማሳው የአማን?» አሉ። ወደኔ ዞረው ሲያዩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጋሽ በየነ ወረቀቱን ቀደዱት። «ስሕተት ነው፣ አሁን ይስተካከላል» ብለው በኦሮምኛ አረጋጓቸውና ሌላ ጻፉላቸው። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንተ፣ መቼ ነው ደህና እንቅልፍ የተኛኸው?» አሉኝ። ላስታውስ ሞከርኩ... አልቻልኩም።

ኦቦ ቃሲም መልሳቸውን አስገብተው ሲወጡ ሄዱ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ፈረሳቸውን እየሳቡ መጡ። ደግፈው ፈረሱ ላይ አወጡኝና ልጓሙን ይዘው እስከ ቤቴ አደረሱኝ። አስካለን «ይተኛ። ማንም እንዳይቀሰቅሰው» አሏት።

አስካለ ከጤና ጣቢያ የጠራችው ድሬሰር መረመረኝ። «አንጎልህን አድክመኸዋል። ብላና ተኛ። ካልተመለሰ አዲስ አበባ ሄደህ ትታያለህ» አለኝ።

ካልተመለሰ... ያቺን ቃል ይዤ ተኛሁ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ከፊደል ውጪ ምን ሠርቼ እንደምኖር አሰብኩ። ምንም አልመጣልኝም።

በማግስቱ ስነቃ ፀሐይ ወጥታለች። ዓይኔን ለመግለጥ ፈራሁ። ስገልጠው፣ የቤታችን ግድግዳ በአሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈ ነበርና፣ ከትራሴ በላይ አንድ ቁራጭ ማስታወቂያ አለ። ገላ ሳሙና... ነበር የሚለው።

«ገላ ሳሙና!» ብዬ ጮህኩ። አስካለ ከጓዳ እየሮጠች መጣች። አበደ ብላ በሩን ዘግታብኝ ልትሸሽ ነው ስል፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጃንጥላዬን እዘጋለሁ። በልቼ ወደ ቶጎና ወንዝ ወረድ ብዬ ተንሸራሽሬ እመለሳለሁ። ማታ ብዕር አልነካም። የተረፈውን ባለጉዳይ እኔው ራሴ ወደ ጋሽ በየነ እሸኛለሁ።

ይኸው አርጅቼም፣ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ ከ«እግዚአብሔር ይመስገን» በፊት አንድ መስመር አነባለሁ... ማን ያውቃል።