ያልጎረስኳት ጉርሻ

ያኔ ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር። አያቴ ለዓይን ሕክምና ከሞላሌ አዲስ አበባ መጥተው ስለነበር፣ ዘመድ አዝማዱ ተሰብስበን የሜክሲኮ አገር ምግብ የሚሠራ አዲስ ቤት ወሰድናቸው።

አያቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቅያሜያቸውን በቃል አይናገሩም ነበር። ቅር ያሰኛቸው ሰው ካለ ማዕድ ሲቀርብ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ለእሱ ያጎርሱታል፤ ከጎረሰ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ያን ዓመት የተቀየሙት እኔን ነበር፤ ሁለት ፋሲካ አገር ቤት ብቅ አላልኩም።

ሥጋ የተጠቀለለበት የበቆሎ ቂጣ በየሰሃኑ መጣልን። «ምነው ለየብቻ? ተጣልታችኋል እንዴ?» ብለው አሳቁን። ከዚያ ቂጣውን ቆርሰው፣ መረቁ በጣታቸው እየተንጠባጠበ፣ እጃቸውን ወደ አፌ ዘረጉ። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ከጎን ያሉት ሰዎች ዞረው ሲያዩን አፈርኩ።

«አባባ፣ እዚህ እንዲህ አይደረግም። ይተዉ፣ ሰው እያየን ነው።»

«እሺ ልጄ፣ እኔ ምን አውቄ» አሉና ጉርሻዋን ሰሃናቸው ላይ መለሷት። ከዚያ በኋላ ምንም አልቀመሱም። አጠገቤ የነበረችው አክስቴ፣ ልጃቸው፣ «ምን ነካሽ አንቺ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

በሳምንቱ ተመለሱ። ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ ስል፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ሞታቸውን ሰማሁ። አሁን በቤታችን የተቀየመ ሰው እንደተቀየመ ይቀራል፤ እጁን ዘርግቶ የሚያጎርስ የለም።

በአርባቸው ሞላሌ ተሰበሰብን። ዘመዱ ሁሉ ትሪውን ከቦ ሲቀመጥ፣ አክስቴ ለእኔ በትንሽ ሰሃን ለብቻዬ አቀረበችልኝና ሄዳ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጠች።