ለፋሲካ የተቀመጠ ክኒን

ድሬሰር ሳህሉ ሀብተወልድ ባለፈው የካቲት አረፉ። በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ሲነበብ አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሐረር ተወለዱ፣ በአስታማሚነት ሥራ ጀመሩ፣ መርፌ እየወጉና ቁስል እያሸጉ ሃያ ስድስት ዓመት አገለገሉ ተባለ። ሁሉም እውነት ነው፤ ስለ እናቴ ግን ምንም አልተነሣም። መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ሰው ፊት መቆም ስለማልችል ዝም አልኩ። እስቲ በወረቀት ልሞክረው።

በ1955 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እናቴ በለጡ ደም መትፋት ጀመረች። ራጅ ተነሥታ የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ። መድኃኒቱ ዓመት ከመንፈቅ የሚወሰድ ነበር፤ መጀመሪያ መርፌ፣ ከዚያ በየቀኑ ክኒን። ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙ በማይርቅ ቤት እናትና ልጅ ብቻችንን ነበርን። እኔ በማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። እናቴ በሽታው እንዳይጋባብኝ ፈርታ የራሷን ኩባያ ለየች፤ በጆሮው ላይ ቀይ ክር አሰረችበት። ማንም እንዲነካው አትፈቅድም ነበር።

መድኃኒቱን የሚሰጧት አቶ ሳህሉ ነበሩ። ከክሊኒክ የቀረ በሽተኛን ቤቱ ድረስ ሄደው ይፈልጋሉ። ይህን ልማድ ያስያዛቸው ሽፈራው የሚባል ወታደር ነው። ሽፈራው በሦስተኛው ወር ሳሉ ሲቆምለት «ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን ተወ። አቶ ሳህሉም ሥራ በዝቶባቸው ሳይፈልጉት ቀሩ። በዓመቱ ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ ጀጎልን በእግራቸው መዞር ጀመሩ፤ ጎረቤት እንዳይጠረጥር ነጩን ጋዋናቸውን አውልቀው ነው የሚመጡት።

ገና ሲያልፍ የእናቴ ሳል ለቀቃት፣ ሥጋዋም ተመለሰ። ከዚያ ሁዳዴ ገባ። እናቴ ክኒን ከምትቀበልበት ቀን ብትቀር፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አቶ ሳህሉ መጡ።

«እትዬ በለጡ፣ ክኒኑን እየዋጡ ነው?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። «በጾም አልዋሽም። አልዋጥኩም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጾሙ ከገባ ጀምሮ። ግን አንድም አልጠፋ!» አለችና ሙዳይዋን አውርዳ ከፈተችላቸው። ክኒኖቹ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። «ለፋሲካ ነው ያስቀመጥኳቸው። ጾም ሲፈታ ደርቤ ደርቤ እውጣቸዋለሁ።»

እኔ እዚያው ቤት እያደርኩ ይህን አላየሁም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «እትዬ፣ ለፋሲካ ዶሮ ይቀመጣል እንጂ ክኒን አይቀመጥም» አሉ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በሽታው ተኝቷል እንጂ አልሞተም። ከተነሣ ይህንኑ መድኃኒት ንቆ ነው የሚነሣው። ያን ጊዜ ሌላ የምሰጥዎ የለኝም።»

«ከሞትኩም ከነጾሜ ልሙት» አለች።

በማግስቱ የነፍስ አባቷን አባ ወልደ ጊዮርጊስን ይዘው መጡ።

«መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ ፈትቼሻለሁ» አሏት አባ።

«እርስዎ ቢፈቱኝ ሆዴ አይፈታኝም፣ አባቴ። በሁዳዴ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን በአፌ ውሃ ገብቶ አያውቅም።»

አባ ወደ አቶ ሳህሉ ዞሩ። «ይህች ሴት እኔንም ሳትገዝተኝ እንሂድ!»

አቶ ሳህሉ ግን አልተነሡም። ጥቂት አሰቡና፣ «ግድ የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጹሙ። ክኒኑም አብሮዎት ይጹም» አሉ። ለካ እናቴ ይህን ማንም ብሏት አያውቅም ነበር። የሁላችንም ነገር «በየጠዋቱ ዋጪ» ብቻ ነበር። «እንዲያ ከሆነስ እሺ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ሳህሉ ከአለቃቸው ፈቃድ እየለመኑ በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መድኃኔ ዓለም ግቢ ይቆማሉ። ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ሁሉ ጠበል ይጠጣል። እናቴም ተራዋ ሲደርስ ክኒኗን ከነጠላዋ ጫፍ ታወጣና በእፍኟ ከተቀበለችው ጠበል ጋር ትውጣለች። አቶ ሳህሉ አይተው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው በጠዋት ስለሚወጣ በጠዋት ይመጣሉ። በሽታዋን ማንም አላወቀም።

ጎረቤታችን ዘነበች ግን አላስቀመጠቻቸውም። «ጋሽ ሳህሉ፣ ሊመነኩሱ ነው እንዴ? አምና ለጥምቀት እንኳ አላየንዎትም!»

«ኃጢአቴ በዝቶ ነው፣ ዘነበች።»

«ታዲያ ጉልበትዎ ሳይደክም ቢጀምሩት ምን ነበር!»

ፋሲካ አለፈ፤ ክኒኑ ቀጠለ። በቀጣዩ ዓመት ሁዳዴ ሲገባ ማንም ሳይጠራቸው እዚያው ቦታቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ያጎደለቻቸውን አሥራ ሁለት ቀናት ጨምረውባት መድኃኒቱ ሆሳዕና ሰሞን አለቀ። አክታዋ ተመረመረ፤ ንጹሕ ነው ተባለ። እናቴ ግን አላመነችም። «ወረቀት ምን ያውቃል?» እያለች ባለቀይ ክሩን ኩባያ ለብቻው ማስቀመጥ አልተወችም።

የፋሲካ ዕለት አቶ ሳህሉን ጠራናቸው። እናቴ ለእኔና ለእሳቸው ጠላ በብርጭቆ፣ ለራሷ በኩባያዋ ቀዳች። አቶ ሳህሉ ብርጭቆውን ትተው ኩባያውን አነሡ።

እናቴ እጃቸውን ለቀም አደረገች። «ተው ልጄ! የእኔ ነው!»

«የማን እንደሆነ አውቃለሁ፣ እትዬ።»

እስከ አተላው ጠጡና ኩባያውን መልሰው ዘረጉላት። «ይድገሙኝ።»

እናቴ አልቀዳችም። ኩባያውን ተቀብላ ክሩን በጥርሷ ፈታች፤ እንባዋ እየወረደ ነበር። ከዚያ ሞልታ ወደ እኔ ዘረጋችው። ዓመት ከመንፈቅ ያልነካሁትን ኩባያ ይዤ ጠጣሁ።

ኩባያው አሁንም አለ። ዘንድሮም እናቴ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾመች፣ ቤት ስትገባ በእሱ ነበር ውሃዋን የምትጠጣው።