ያላነሳሁት ራጅ

በክረምት የአሰላ ጭጋግ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ የሆስፒታሉን ኮሪደር ሳይቀር ይሞላው ነበር። ራጅ ክፍሉ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ወደ እኔ ከሚመጣ ሰው መጀመሪያ የማየው ነጭ ጋቢውን ነው፤ ፊቱ ቆይቶ ይመጣል። ራጅ አንሺ ሆኜ ከአዲስ አበባ ተመድቤ ስመጣ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ምላሴ ግን የልጅ አልነበረም። «አይተንፍሱ! አይንቀሳቀሱ!» እያልኩ አገር ምድሩን አስጨንቅ ነበር።

የምወደው ጨለማ ክፍሉን ነው። ከቀዩ መብራት ሥር ፊልሙን መድኃኒቱ ውስጥ ነክሬ፣ የሰው የጎድን አጥንት ከምንም ተነስቶ ብቅ ሲል አያለሁ። ውጭ ሰልፍ ነው፣ ስብሰባ ነው፣ መፈክር ነው። እዚያ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ ግን የቀበሌ ሰው እንኳን አያንኳኳም፤ ብርሃን ካስገባ ፊልም እንደሚያበላሽ ተነግሮታላ። አንዳንዴ ሥራዬን ጨርሼም ዝም ብዬ እቀመጥ ነበር።

ከጮሌ ገጠር የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ሥር አብጦ፣ እጅ ሲያርፍበት ልክ እንደ ልብ ይመታል። የእብጠቱ ጠርዝ ስለጠነከረ ራጁ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ ይታያል። ሐኪሙ በየስድስት ወሩ ያችን መስመር በማስመሪያ ይለካታል። ከሰፋች አዲስ አበባ ለኦፕራሲዮን ይልካቸዋል፤ ሳይላኩ ከፈነዳ ግን አለቀ።

እሳቸው ግን ራጁን ራሱን መድኃኒት አደረጉት። ከማሽኑ አልጋ በተነሱ ቁጥር ቀለል ይላቸዋል። ይሄ ማያ እንጂ ማከሚያ አይደለም ብዬ ስንቴ ነገርኳቸው! እሱን ለሐኪሙ ንገሪው፣ እኔን እያዳነኝ ነው ብለው ይስቁብኛል። የሐኪም ወረቀት ሳይዙ በየወሩ እየመጡ በሬ ላይ ይቆማሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ አሳዘኑኝና ራጅ አነሳኋቸው።

ከዚያ ፈራሁ። ትምህርት ቤት ያስተማረን ሰውዬ ሁለት ጣት አልነበረውም፤ ጨረር ነው የበላው። ጉዳቱ ይጠራቀማል፣ ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሊመጣ ይችላል ይለን ነበር። ሆዳቸው ያልገደላቸውን ሰው እኔ ልግደላቸው? ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። የማሽኑ ቁልፍ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ላይ ሲጫኑት ያጉረመርማል፤ እስከ መጨረሻው ካልተጫኑት ጨረር አይወጣም። ወረቀት ሳይዙ ሲመጡ ጉርምርምታውን ብቻ አሰማቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ ተሻለኝ ብለው መርቀውኝ ይሄዳሉ። በብልጠቴ ኮራሁ፤ ምን ዋጋ አለው።

አንድ ቀን ጭጋጉ እንደዚያው እያለ ከሚስታቸው ጋር መጡ። ዛሬ አመታቱ በርትቶብኛል፣ ደህና አድርገሽ እይልኝ አሉ። ሚስቴን ጉልበቷን ያማታልና እሷም አጠገቤ ትቁም፣ ለእሷም ይድረሳት ብለው ለመኑኝ። ጨረር የምትከላከል ያለችኝ የእርሳስ ሽርጥ አንድ ናት። ሁለት ሰው በጨረር አልመታም አልኩና እንደ ልማዴ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ተጫንኩት። ሚስታቸው እጃቸውን ባላቸው ሆድ ላይ አድርገው ቆመዋል። ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ክፍሉ ሞቅ ያለ ነበር፤ ማሽኑ እያጉረመረመ እኔም እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ።

«ምን አየሽ ልጄ?»

«ያው ነው አባባ፣ አልጨመረም።»

ተመስገን አሉ። በርትቶብኛል ካሉኝ ወደ ሐኪሙ ልልካቸው ይገባ ነበር። ሰልችተውኝ ነበር፤ ምን እደብቃለሁ፣ ሰልችተውኝ ነበር። ተደጋግፈው በኮሪደሩ ሲሄዱ ጭጋጉ እስኪውጣቸው ድረስ ቆሜ አየኋቸው።

ከወር በኋላ ሚስታቸው ብቻቸውን መጡ፤ ጥቁር ለብሰዋል። ባላቸው ከእኔ ዘንድ በሄዱ በሦስተኛው ቀን እርሻ ደርሰው ሲመለሱ ሆዴን ብለው ወደቁ፤ ውኃ እንኳን ሳይቀምሱ አለፉ። ተነስቼ አቀፍኳቸው። የመጡት ለለቅሶ አልነበረም።

«ፎቶ ተነስተን አናውቅም» አሉኝ። «ያን ቀን እጄን ሆዱ ላይ አድርጌ ነበር። የእኔም እጅ አብሮ ወጥቷል አይደል? እሱን ስጪኝ፣ ቤት ልስቀለው።»

ከመደርደሪያው የሽማግሌውን ፖስታ አወረድኩ። ውስጡ የድሮዎቹ ፊልሞች አሉ። አንዱን ብሰጣቸው ማን ያውቃል? እጅዎ ጨረሩ ስላልደረሰበት አልወጣም ብላቸው ይበቃ ነበር። አቀበልኳቸው፤ ወደ መስኮቱ ያዙትና እጃቸውን መፈለግ ጀመሩ። በጣታቸው ነጩን መስመር ተከተሉት፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ሲፈልጉ ማየቱን አልቻልኩትም።

«እማማ፣ ያን ቀን አላነሳኋችሁም» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአስተማሪዬን ጣት፣ ጨረሩን፣ ባዶውን ጉርምርምታ። ለእናንተው ብዬ ነው እያልኩ አለቀስኩ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ፊልሙን ቀስ ብለው ፖስታው ውስጥ መለሱት።

«ታዲያ ያው ነው ያልሽን ምን አይተሽ ነው?»

ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። የገረማቸውን ነው የጠየቁኝ። ፖስታውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው ወጡ።

ቀጣዩ በሽተኛ ገብቶ ተኛ። ቁልፉን ያዝኩ። አይተንፍሱ ማለት ነበረብኝ። ሰውየው እንደተኛ አንገቱን አዙሮ ይጠብቀኛል።