ድንኳኑን አይተው የገቡ

እናቴ በር አትቆልፍም ነበር። ነቀምቴ ገብተን ባኬ ጃማ ሰፈር መኖር ከጀመርን ወዲህ የጭቃ ቤታችን በር ተገፍቶ ብቻ ነው የሚያድረው፤ መወርወሪያው አይገባም። አንድ ጊዜ ሌባ ገብቶ ራዲዮናችንን ወሰደ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የታጠበ ብርድ ልብስ። ልጅ ሳለሁ እሷ ሳታየኝ ስቆልፍ ተነስታ ትከፍተው ነበር። ካደግሁ በኋላ ብዙ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ እኔው ደክሞኝ ተውኩት። ምክንያቱን ባላውቅ ኖሮ ይሻል ነበር። አውቀው ስለነበር ነው የምናደደው።

በፊት የምንኖረው ወደ ዲዴሳ ቆላ በሚወርደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አባቴ ሞቶ ኀዘኑ ገና ሳይበርድልን አንድ ሰባኪ ወደዚያ መጣ። ጥሩ ድምፅ ነበረው፤ የሚጠሉት ሳይቀሩ ይኸን ይመሰክሩለታል። እናቴ ቤተ ክርስቲያኗን ትታ ተከተለችው። ተከታዮቹ ነጭ ስለሚለብሱ አገሬው ነጭ ለባሾች ይላቸው ነበር፤ ከከተማው ዳር የቆርቆሮ አዳራሽ ሠርተው ነበር። መድኃኒት መዋጥ እምነት ማጣት ነው፤ ለሞተ ሰው ማልቀስም ትንሣኤን መካድ ነው ብሎ ያስተምራቸው ነበር። ታላቅ እህቴ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ወባ ያዛት። ክሊኒኩ ከአዳራሹ ብዙ አይርቅም፤ ግን ጸለዩላት እንጂ አልወሰዷትም። ስትሞት ነጭ ለብሰው እያጨበጨቡ ዘመሩ፤ እናቴም አብራ አጨበጨበች። ልጅሽ ተኝታለች፣ ተነስታ ወደ ቤቷ ትመጣለች፣ አንዲት እንባ ካፈሰስሽ ግን አትነሳም አላት ሰባኪው።

ከጊዜ በኋላ ሰውየው ተነቃበትና ጠፋ። አዳራሹ የእህል መጋዘን ሆነ፤ እኛም ነቀምቴ ገባን። እናቴ ወደ ድሮ ቤተ ክርስቲያኗ ተመለሰች፤ ሰባኪው ውሸታም እንደነበረ ከማንም በላይ የምትናገረው ራሷ ናት። ነገር ግን ጭንቅላቷ የተወውን ሆዷ አልተወውም። አታለቅስም፤ በርም አትቆልፍም።

በዕድራችን የእሷን ያህል ለቅሶ የሚደርስ ሰው የለም። ውሃ ትቀዳለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ወንበር ትደረድራለች። ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ከአጥር ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ለሌሎቹ ሴቶች «ድንጋይ ናት» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን ብዬ ላስረዳት? እናቴ ስለ እህቴ ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ይዛዋለች። እኔን የሚያስፈራኝ የሰው ሐሜት አልነበረም። ዕድሜዋ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነው። ያን ሁሉ ኀዘን እንደታቀፈች እንዳትሞትብኝ እፈራ ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ አንድ ቀን የሰፈራችን ልጅ በራችን ላይ ቆሞ ፊልም ልሠራ ነው አለኝ። ሰርግ ሲቀርጽ ነው የማውቀው፤ ሙሽራና ሚዜ ቀና በሉ፣ ሳቅ በሉ እያለ የኖረ ልጅ ነው። አሁን ግን የሚያስፈራ ፊልም ነው ያማረው፤ በአፋን ኦሮሞ፣ ስለ ነጭ ለባሾቹ የድሮ ታሪክ። የሞተች ልጅ ከመቃብር ተነስታ ሰባኪውን ታሳድደዋለች። ጩኸት አለ፣ ደም አለ። ደሙን ከቀይ ሥር ጭማቂ እንዳዘጋጁት በኩራት ነገረኝ። ከእነሱ ጋር የነበረ ሰው እኛ ቤት እንዳለ ወሬ ደርሶታል፤ ግቢያችንም አሮጌ ስለሆነ ለቀረጻ ይመቸዋል። እኔ መምህር ነኝ፤ ልጅ ማባረር አያቅተኝም። እህቴ የሰው መዝናኛ ልትሆን ነው ብዬ ደሜ ፈልቷል። ልመልሰው ስል እናቴ ከውስጥ ሰምታ ወጣች።

«ይምጡ» አለች። «ሌላ ቦታ ሄደው ከሚያጣምሙት እኔ እያየሁ ይሥሩት።»

አኮረፍኳት። ኩርፊያ ግን እሷን ከቆረጠችው ነገር መልሷት አያውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የዚያን ቀን የሚቀረጸው የልጅቷ ለቅሶ ነው፤ እናትየዋ ደረቷን እየመታች እንድታለቅስ ተጽፏል። ልጁ ድንኳን ስለሌለው የዕድራችንን ድንኳን ለምኖ አመጣ። የዕድሩ ዳኛ አጎቱ ናቸው፤ ለምን እንደሚፈልገው አብራርቶ ነግሯቸው እንደሆነ እጠራጠራለሁ። አግዳሚ ወንበሮቹም አብረው መጡ። አልቃሽ ሆነው የሚቀመጡ ሴቶች ስላስፈለጉት ደግሞ የዕድሩን ሴቶች በሻይና በዳቦ አግባባቸው። እንግዲህ ድንኳኑ የዕድር፣ ወንበሩ የዕድር፣ ሴቶቹ የዕድር። የቀረ ነገር ቢኖር ሬሳው ነው። ይኸ ምን ሊያመጣ እንደሚችል ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም።

እናትየዋን የምትጫወተው ከአዳማ መጥታ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ ናት። ማልቀስ ትችልበታለች። ደጋግማ አለቀሰች፤ ልጁም ደጋግሞ ቀረጻት። እናቴ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና እንደ ተማሪ እጇን አነሳች።

«እንዲህ አልነበረም» አለች። «እኛ አላለቀስንም። አጨበጨብን።»

ልጁ ሀርሜ ብሎ፣ እናቴ ማለቱ ነው፣ ፊልም ስለሆነ ተመልካቹ እንዲያዝን ማልቀስ እንዳለባት በትሕትና ነገራት። እናቴ እንዴት እንደነበረ አሳየችው። ዓይኗን ጨፍና፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ረጋ ባለ ምት አጨበጨበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ መዝሙሩን ግን አላወጣችውም። ልጁ አይቷት አይቷት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና እንደ እሷ ይሁን አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቀይ ሥሩ ያነሳ አልነበረም። እስከዚያች ሰዓት ንቄው ነበር፤ ያኔ ትንሽ አከበርኩት።

ሴቶቹ ግን ማጨብጨቡ አልሆነላቸውም። እኛም ለቅሶ ቤት እንዘምራለን፤ ቀስ ብለን፣ እንባችንን በነጠላ ጫፍ እየጠረግን። ይኸኛው የሰርግ ጭብጨባ ነው። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሊያደርጉት እጃቸው እምቢ አላቸው። እናቴን ድንጋይ ያለቻት ጎረቤታችን ጀምራ ነበር፤ በመሃል እጇ አየር ላይ ቀረና ዞራ እናቴን አየቻት። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ይመስለኛል።

ሰው መግባት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ የተተከለ ድንኳን አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። በር ላይ ቆሞ የማን ለቅሶ ነው ማለትም ነውር ነው፤ መጀመሪያ ገብተህ ትቀመጣለህ፤ ማን እንደሞተ ቀስ ብለህ ትሰማለህ። መጀመሪያ የገቡት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው ካሜራው ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጁ ከሴቶቹ የአንዷ ባል መስለውት ዝም አላቸው። ሁለት ጎመን ሻጮች ዘንቢላቸውን ደጅ አስቀምጠው ተከተሉ። ቀጥሎ አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ገቡ፤ ነጂውም ቁልፉን ነቅሎ ከኋላቸው ገባ። ወንበሩ ሞላ።

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አለና ፊልም እየቀረጽን ነው አላቸው። ሽማግሌው ይቅረጹ እንጂ ምን ከፋ በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ዛሬ ለቅሶም እንደ ሰርግ ይቀረጻል፤ ልጁንም ካሜራ ይዞ ያላዩት የለም፤ ስለዚህ ምን ያስገርማቸዋል? ሳቄም መጣ፣ እፍረቴም መጣ። ተነስቼ ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም ልሸኛቸው ነበር። ሽማግሌው ግን ዙሪያውን ቃኝተው፣ ከሁሉም በዕድሜ የገፋችው እናቴ ስለሆነች ባለ ኀዘኗ እሷ እንደሆነች ገምተው ነበር።

«ኤኙቱ ዱኤ?» አሏት። ማን ነው የሞተው ማለታቸው ነው።

ማንም አልሞተም ልል አፌን ከፈትኩ። እናቴ ቀደመችኝ።

«ኢንተላ ኮ» አለች። ከዚያ ደግሞ በአማርኛ፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ፣ «ልጄ ናት» አለች።

ምን አግኝቷት እንደሆነ ጠየቋት፤ ወባ አለቻቸው። ስንት ዓመቷ ነው አሏት፤ ዘጠኝ አለቻቸው። ሽማግሌው የእናቴን ሽበት አዩ፣ እኔን አዩ፣ በእንጨት ላይ የታሰረውን የካሜራ መብራት አዩ። ሂሳቡ አልመጣላቸውም። ለቅሶ ቤት ሂሳብ አይተሳሰብም እንጂ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሱ፤ ጠጋ ብለው ትከሻዋን ያዟት።

«ዋቀዮ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» አሏት። እግዜር ያጽናሽ ነው።

ይኸን ቃል እናቴ ለስንት ሰው እንዳለችው ፈጣሪ ይቁጠረው። ለእሷ ስለ ልጇ እንዲህ ያላት ሰው ግን አልነበረም። ልጅ እንደሞተባት ማን አውቆ ይበላት?

አፏ ተከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል አይቼ የምትወድቅ መስሎኝ ሮጥኩ። ከዚያ የእህቴን ስም ጠራች። ያ ስም ቤታችን ውስጥ ተጠርቶ ስለማያውቅ እኔ ራሴ ረስቼው ኖሯል። ደገመችው፣ ደጋገመችው፣ ድምፅዋም እየሰፋ ሄደ። ዘመዶች አባትሽ ሲሞት እናትሽ ስታለቅስ ድንጋይ ታስለቅስ ነበር ይሉኝ ነበር፤ አላምናቸውም ነበር።

«አጨብጭቤ የቀበርኩሽ ልጄ» አለች። «አጨብጭቤ የቀበርኩሽ።»

ቀድማ ያቀፈቻት ያቺው ድንጋይ ያለቻት ጎረቤታችን ናት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፤ ጎመን ሻጮቹ አለቀሱ፤ የአዳማዋ ልጅ ከጠዋቱ ፈጽሞ በማይመስል አለቃቀስ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። እውነቱን ለመናገር ለእህቴ አልነበረም፤ መልኳን እንኳ አላስታውስም። ለእናቴ ነው ያለቀስኩት፤ ይኸን ሁሉ ዓመት ደረቅ ዓይን ይዛ የሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ለኖረችው። ልጁ መብራቱን አጠፋ፣ ካሜራውን ከእግሩ ሥር አስቀመጠና ሄዶ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጠ።

ወደ ማታ የዕድሩ ዳኛ መጡ። ድንኳኑ ለጨዋታ ዋለ የሚል ወሬ ደርሷቸው ኖሮ ከአጥር ውጭ ጀምረው ነው የሚቆጡት። ገብተው ሲያዩ ቁጣውን ተዉት። ጎረቤታችን ወደ ጆሯቸው ተጠግታ ነገረቻቸው። ቆመው አሰቡና እንደማንኛውም ለቅሶ ድንኳኑ ሦስት ቀን ይቆማል አሉ።

በማግሥቱ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ለመለፈፍ ተዘጋጅቶ እኛ ዘንድ መጣ። ተጨንቋል። የሞተችበትን ቀን ምን ብሎ ይናገር? ድሮ ቢል ሰው ይስቅበታል፤ ትናንት ቢል ውሸት ነው። እናቴ ሌሊቱን በለቅሶ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር።

«መሞቷን ብቻ ንገራቸው» አለችው።

እሱም የእህቴን ስም እየጠራ በሰፈሩ ዞረ። ወዲያው ከበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ሳይቀር ሰው መጣ። ብዙዎቹ ነገሩ በቅጡ የገባቸው አልመሰለኝም፤ ቢሆንም ተቀመጡ፣ አጽናኑ፣ ንፍሮ ቀመሱ፣ ሄዱ። ሽማግሌውም ተመልሰው መጥተዋል፤ ስለ ዕድሜዋ ደግመው አልጠየቁም።

ፊልሙ ወጥቶ ታይቷል። የእናቴ ለቅሶ የለበትም፤ ልጁ ሳንጠይቀው አጥፍቶታል። ሴቶቹ እያጨበጨቡ እጃቸው አየር ላይ የሚቀርበት ቦታ ግን አለ፤ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ ነው ይላሉ ያዩት። እናቴ አላየችውም፤ ልሂድ ብላም አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን ማታ ድንኳኑ ተነቅሎ ሲሄድ እናቴ ግቢውን ጠረገች፣ በርጩማውን ይዛ ገባች፣ በሩን ገፋችው። ከዚያ ቆመች። መልሳ ከፈት አድርጋ ወደ ውጭ አየች፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። በሩን ዘግታ መወርወሪያውን ያዘች። ስንት ዘመን ሳይነካ ስለኖረ ዝጎ እምቢ አላት። ላግዛት ተነሳሁ።

«ተቀመጪ» አለችኝ።

ጫማዋን አውልቃ በተረከዙ መታችው፤ ገባ።