የቆርኬ ሹመት

ልጅ ሳለሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር የምንኖረው፤ ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር የፎቁ ልጆች ሁሉ ኮሪደሩ ላይ እንሰበሰብ ነበር። ወላጆቻችን ሲያማርሩ እኛ መብራቱ ቶሎ እንዳይመጣ በልባችን እንጸልያለን። የእናቴ አጎት አባባ ኤርጃቦ ሻማ ለኩሰው፣ የከሰል ምድጃው ላይ በቆሎ ደርድረው፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላታቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚዘረጉት ያኔ ብቻ ነበርና።

አባባን ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከሀዲያ ያመጣቻቸው እናቴ ናት። መጽሐፉን በወጣትነታቸው የሚስዮን ክሊኒክ ውስጥ ሲሠሩ ነው ያገኙት፤ ያረጀ ስለነበር የአውሬና የሹመት ስም ሞልቶበታል። ትምህርት ቤት «ካት» እና «ማናጀር» ስንማር፣ ማታ ከአባባ ዘንድ ቆርኬን «ሃርትቢስት»፣ ሰስን «ክሊፕስፕሪንገር»፣ እልፍኝ አስከልካይን «ቻምበርሌን» ማለት እንማር ነበር። ጨዋታው ሕግ አለው፤ አንዱ ልጅ አውሬ ይመርጣል፣ ሌላው ሹመት ይመርጣል፣ አባባ አውሬውን ይሾሙትና ተረቱ ከዚያ ይጀምራል። ሰስ እልፍኝ አስከልካይ ሆኖ አንበሳን ከገዛ ደጁ የመለሰው ማታ ከሳቄ ብዛት በቆሎ ትን ብሎኝ ጎረቤቱ ሁሉ ጀርባዬን ደብድቦኛል።

አንድ ክረምት ግን አባባ እራት ላይ እናቴን፣ «ልጄ፣ ለመስቀል አገሬ ልግባ» አሏት። «ምን አጎደልኩብዎ?» ስትላቸው፣ «ምንም። እዚህ ሰው ሁሉ ሥራ አለው፤ እኔ የሰው እጅ እያየሁ መቀመጡ ከበደኝ» አሉ። እናቴ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ከእሷ ብሶብኝ እራቴን ትቼ ተኛሁ።

በማግስቱ መብራት ጠፋ። ጓደኛዬ ቆርኬን መረጠች፣ እኔ «ታውን ክራየር» አልኩ፤ አዋጅ ነጋሪ ማለት ነው። አባባ ፍሙን ቆስቁሰው ጀመሩ። ቆርኬ ፊቱ ረጅም ስለሆነ አውሬው ሁሉ ይስቅበት ነበር አሉ። እሱ ግን አዋጅ ነጋሪ ነውና ኩይሳ ላይ ወጥቶ ይቆማል፣ አንበሳ ሲመጣ ይጣራል፤ ድኩላውም ከርከሮውም አንገቱን ደፍቶ የሚግጠው ቆርኬ እያየለት ነው። አንድ ቀን ሳቁ አንገሸገሸውና ጥሎ ሄደ። ያን ዕለት ሁሉም ቀና ብሎ ሲቃኝ ዋለ እንጂ ሣር የቀመሰ አልነበረም፤ ሲመሽ ሆዳቸው ባዶ ሆኖ ሽማግሌ ላኩበት።

ሲነጋ በቀጥታ ወደ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ወረድኩ። እትዬ ዘይነባ ምድር ቤት ሱቅ ነበራቸው፣ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢም እሳቸው ናቸው። በመጽሐፍ ያለ ሹመት በብሎክም የሚኖር መስሎኝ፣ «እትዬ፣ አባባን ታውን ክራየር ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«እሱ ደግሞ ምንድነው?»

«አዋጅ ነጋሪ።»

«ምን አዋጅ ኖሮን ነው የምናስነግረው፣ አንቺ?» አሉና ስኳራቸውን መመዘን ቀጠሉ።

ያኔ ውሃ የሚመጣው እንዳሻው ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሥራ በዋለበት መጥቶ ይሄዳል፣ ቤት የዋለውም ቢሆን ቧንቧውን በጊዜ ካልከፈተ በርሜሉ ባዶ ያድራል። «ውሃ ሲመጣ» አልኳቸው። «አባባ ሁልጊዜ ቤት ናቸው።»

እትዬ ዘይነባ ስኳሩን ትተው አዩኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ ዘይነባ ሁለት የኮሚቴ አባላት አስከትለው ቤታችን መጡ። «አባባ፣ ውሃው እያመለጠን ተቸገርን» አሏቸው። «የሚጠብቅልን ሰው የለንም። ለመስቀል ይሄዳሉ ሲሉ ሰማሁ፤ እንዳይጥሉን ልንለምንዎት ነው።» አባባ መጋረጃው ጀርባ ወደተደበቅሁበት አየት አድርገው፣ «የምጠራው በመጽሐፌ ቋንቋ ነው» አሉ።

«በፈለጉት ይጥሩ፤ ባልዲያችን ይሙላ እንጂ» አሉ እትዬ ዘይነባ።

በሳምንቱ አንድ ከሰዓት ደረጃው ላይ፣ «ኦዬዝ፣ ኦዬዝ፣ ውሃ መጥቷል» የሚል ድምፅ ተሰማ። አዋጅ ነጋሪ ሰው ዝም ሲያሰኝ የሚለው ቃል ነው ብለው አስተምረውናል፤ የእኛ ብሎክ ግን ሲሰማው በር ይንኳኳል፣ ባልዲ ይንጫጫል፣ ልጅ በደረጃ ይሯሯጣል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መስቀል መጥቶ ሄደ፣ አባባ ስለ አገራቸው አላነሡም፣ እናቴም አላስታወሰቻቸውም።

ዛሬ እንጀራዬ እንግሊዝኛ መተርጎም ነው፤ ሆኖም ያስተማሩኝ ቃላት አንዱም ለሥራዬ ጠቅሞኝ አያውቅም። የቀረልኝ ሌላ ነው፤ ያረጀ የሚባል ነገር ባየሁ ቁጥር ምን ሥራ ይሰጠው ይሆን ብዬ አስባለሁ። አባባ አሁን ጉልበታቸው ደክሞ ደጃቸው ላይ ወንበር አስወጥተው ነው የሚጣሩት። ብሎኩም የቴሌግራም ግሩፕ አለው፣ ውሃ ሲመጣ እዚያ ላይ ይጻፋል። ከሥሩ ግን ሁልጊዜ አንድ ሰው «አባባ ጠርተዋል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አልጠሩም ከተባለ ባልዲውን የሚያነሳ የለም።