ሰርፀ ተጎድቷል

ጋሽ ስለሺ የተጫዋቾችን ስም የሚጽፉት በእርሳስ ነው። አትላንታ አጠገብ ታከር ባለው ቤታቸው፣ የምግብ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አሥራ ሁለት መስመር ያሰምሩና ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ይደረድራሉ። አሠልጣኟ ሄርሜላ የወረቀቱን ፎቶ በስልኳ ተቀብላ እንግሊዝኛ ታደርገዋለች። «ጋሼ፣ ኧረ ቀጥታ ታይፕ አድርገው» ትላቸዋለች ሁልጊዜ። እሳቸው ግን ሰውን ከቡድን ማስገባትና ማስወጣት ላጲስ የሚፈልግ ሥራ ነው ባይ ናቸው። «በእስክሪብቶ የሚጽፍ መራጭ፣ እግዜር ነኝ ያለ ነው።»

በዚያ ሳምንት ላጲሱም ደከመ። ናይሮቢ ለሚደረገው የራግቢ ውድድር የኢትዮጵያን ስም ይዞ የሚሄደው ቡድን ሊነሳ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የግሩም ትከሻ ወለቀ። በማግስቱ ከዳላስ የመጣው ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ሐሙስ ደግሞ ሌሎች ሁለት፣ አንዱ ጭኑን አንዱ ጣቱን ይዘው፣ እያነከሱና እያቃሰቱ ከሜዳ ወጡ። ሄርሜላ ሥራዋ ፊዚካል ቴራፒ ነው፤ ሮዝዌል ካለው ክሊኒኳ በደወለች ቁጥር ጋሽ ስለሺ ከሰላምታ በፊት «ደግሞ ማን?» ማለት ለመዱ።

«ጋሼ፣ ይሄ ቡድን ነው ሆስፒታል?»

«ሆስፒታል ቢሆንማ ሐኪም ይበዛበት ነበር።»

የሚጫወቱት የሰባት ሰባት ራግቢ ነው። ሰባት ሰው ይገባል፣ አምስት ተቀምጦ ይጠብቃል፣ አንዱ ጨዋታ አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ለማያውቅ ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ያችን እንደ እንቁላል ሞላላ የሆነች ኳስ ታቅፎ የዚያን ትልቅ ሜዳ ርዝመት ለሮጠ ግን፣ አሥራ አራት ደቂቃ ማለት አንድ ዕድሜ ነው።

ጋሽ ስለሺ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት የዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸውን ሦስተኛው ዓመት ላይ ጥለው፣ በሞያሌ በኩል ኬንያ ገቡ። ናይሮቢ ላይ ያገኙት ሥራ የአንድ የራግቢ ክለብ ሜዳ ላይ በኖራ መስመር ማስመር ነበር። አንድ ቅዳሜ ሰው ጎደለ። «አንተ ኖራው! መሮጥ ትችላለህ?» አሏቸው። መሮጥማ ይችሉ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት መስመሩን ያሰምራሉ፣ ከሰዓት በዚያው መስመር ጠርዝ ቀኝ ክንፍ ሆነው ይበራሉ። ዛሬ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ዝናብ ጥሎ ሲያባራ የጆርጂያ ቀይ አፈር ሽታው ሲነሳ፣ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው መስኮቱን ዝቅ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። የናይሮቢም አፈር ቀይ ነበር። ጭቃው ካልሲ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ፣ ጉልበት ላይ የሚቀባው ዘይት ሲሸት፣ አሥራ አምስት ጎረምሳ ባልገባቸው ቋንቋ ሲያዘፍናቸው… ሰው ስደተኛ ሆኖም ደስተኛ ሊሆን እንደሚችል የተማሩት እዚያ ነው። ይህን ለማንም ቢናገሩ አያምናቸውም፤ ስለዚህ ተናግረውት አያውቁም።

ሌላም ያልተናገሩት ነገር አለ። ክለቡ ሉሳካ ሄዶ ሊጫወት ሲል የተመረጡት ስም የእንጨት ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ የእሳቸውም ስም ነበረበት፣ ፊደሉ ተሳስቶም ቢሆን። በመነሻው ጠዋት የተዋሱትን ሻንጣ አንጠልጥለው ሲደርሱ ስማቸው ላይ በማስመሪያ የተሳበ ቀጥ ያለ መስመር አገኙ። ማንም ምንም አላለም። ሁለት ሦስቱ ትከሻቸውን መታ መታ አደረጓቸውና አውቶቡሱ ሄደ። እሳቸውም ሻንጣውን አስቀምጠው ኖራቸውን በጠበጡ። በኋላ፣ የስደተኛ ወረቀት ድንበር ስለማያሻግር ይሆናል ብለው ገመቱ። ግን ግምት ነው። ሰው አርባ አራት ዓመት በግምት መኖር ይችላል።

አትላንታ ከገቡ በኋላ ያቋረጡትን የፍልስፍና ትምህርት ጨረሱ፤ እንጀራ የሆናቸው ግን መጋዘን ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተው ሱፐርቫይዘር ሆነው ጡረታ ወጡ። እዚህ ያደጉ የሐበሻ ልጆች በየኮሌጁ ራግቢ ሲጫወቱ አይተው አንድ በአንድ የሰበሰቧቸው እሳቸው ናቸው። ከነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው ሰርፀ ነው። ያኔ ኮሌጅ የጨረሰ ሰሞን ነበር፤ ዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ነርስ ነው፣ ባለቤቱ ነፍሰ ጡር ናት። «ይቺን ናይሮቢን ልጫወትና ከዚያ በቃኝ፣ ልጄን አሳድጋለሁ» ብሏል። ይህንን ጉዞ ሦስት ዓመት ጠብቆታል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ስለሺ የሰርፀን እናት ወይዘሮ ብዙነሽን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አገኟቸው።

«እንደምን ሰነበቱ? ሰርፀስ?»

«ኧረ ተዉኝ ጋሽ ስለሺ። ልጄ ተጎድቷል።»

«ምን አሉኝ?»

«በጣም ነው የተጎዳው! ለሰው አታውሪ ብሎኝ ነው እንጂ… ከሥራ ሲገባ ሳየው እንባዬ ነው የሚመጣው። እስቲ እርስዎ ይምከሩት፣ እርስዎን ይሰማል።»

ይህን ሲሉ አንዱ ከፓርኪንጉ ጮኸ፤ የወይዘሮ ብዙነሽ መኪና ሦስት ሰው ዘግቶ ኖሯል። ነጠላቸውን ሰብስበው ሮጡ። ጋሽ ስለሺ ቆመው ቀሩ። ሳምንቱን ሙሉ ትከሻና ቁርጭምጭሚት ሲሰሙ የሰነበቱ ሰው ናቸው፤ ጆሮ ደግሞ የለመደውን ነው የሚሰማው።

ሰኞ ለሰርፀ ደወሉ።

«አቤት ጋሼ!»

«እንዴት ነህ ልጄ?»

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በጠቅላላው ደህና ነህ?»

«ፐርፌክት ነኝ። ምነው?»

ጋሽ ስለሺ ለብቻቸው ፈገግ አሉ። እሳቸውም ናይሮቢ ጎድናቸው ተሰንጥቆ «ደህና ነኝ» ብለው ሁለት ጨዋታ ተጫውተዋል። «ጉልበትህ ነው ወገብህ?» ብለው እንዳይጠይቁት የእናትን ምስጢር ለልጅ ማውጣት ሆነባቸው። ይሉኝታ ሰውን ያስከብራል፤ እውነትን ግን ደጅ ያስጠናል።

«ሰርፀ ተጎድቷል» አሏት ለሄርሜላ።

«ዌይት፣ ምኑን? ሐሙስ እኮ እንደ ንፋስ ነበር!»

«ቁስል በትኩሱ አያምም። እናቱ ናቸው የነገሩኝ፣ እሱ ይደብቃል።»

«በቃ ላየዋ!»

«አታሳፍሪው። ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ እግሩን ሰብሮ ቢመጣስ? ፊሊሞን ይግባ።»

የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነበርና ፊሊሞን ገባ። ለሰርፀም ራሳቸው ነገሩት። «በዚህኛው አትሄድም ልጄ። ለአንተው ብዬ ነው።» «እሺ ጋሼ» አለ ሰርፀ። አባቱ በልጅነቱ የሞተበት ልጅ ነው፤ ከጋሽ ስለሺ ጋር ተከራክሮ አያውቅም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ስለሺ ቻምብሊ ከሚገኘው የሐበሻ ሱቅ ሲገቡ ወይዘሮ ብዙነሽ በርበሬ እያሸተቱ ነበር።

«ሰላም ነው፣ ወይዘሮ ብዙነሽ?»

«ይመስገን።» ወደ ሽሮው ዞሩ።

«ተቀይመውኛል ልበል?»

«ምን እቀየማለሁ። ልጄ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም እንጂ! ድሮም ተጎድቶ ነበር፣ አሁንማ ጨርሶ አለቀ።»

«እኛም እኮ ስለተጎዳ ነው የተውነው። ለመሆኑ ጉልበቱ ነው ወገቡ?»

«የምን ጉልበት?»

«የተጎዳው ነዋ!»

«ፊቱ ነው እንጂ ጋሽ ስለሺ! ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ አላዩትም? ሃያ ፓውንድ ካልቀነስኩ አልሮጥም ብሎ፣ ቅጠል እንደ ፍየል እየበላ፣ ያ የመሰለ ልጅ ሸንበቆ ሆኖ ቀረ። ‹ብላ› ብለው ይምከሩልኝ አልኩ እንጂ ‹ያባሩልኝ› አልኩ?»

ባለሱቁ ከሒሳብ ማሽኑ ጀርባ ሳይጠየቅ ገባበት። «ጋሼ፣ ተጎዳ ማለት እኮ ከሳ ማለት ነው። ባለፈው ለእርስዎም ተጎድተዋል ብዬዎት ነበር።»

ጋሽ ስለሺ ያነሱትን የምስር ከረጢት መልሰው አስቀመጡ። ይህን ቃል እናታቸው ስንት ጊዜ ብለውታል! ከትምህርት ቤት በተመለሱ ቁጥር፣ ገና ከበሩ ሳይገቡ፣ «ምነው ተጎዳህ?» ነበር ሰላምታው። በፍቅር የተነገረውን ቃል የሐኪም ወረቀት አድርገው አነበቡት። ሰው ቋንቋውን የሚረሳው ቃሉ ሲጠፋበት ብቻ አይደለም። ቃሉን ይዞ፣ ማን ለማን እንደሚለው ሲዘነጋም ነው።

ለውድድሩ አዘጋጆች የተላለፈው የስም ዝርዝር የሚዘጋው አርብ ቀትር ነበር። ቀጥታ ወደ ልምምዱ ሜዳ ነዱ። ሐሙስ የሰርፀ የዕረፍት ቀን እንደሆነ፣ የዕረፍት ቀኑንም የት እንደሚያሳልፍ ያውቃሉ። ብቻውን እየሮጠ ነበር። እውነትም ከስቷል። ግን እንዴት ያለ ሩጫ!

«ሰርፀ፣ ና እስቲ።»

ነገሩን ምንም ሳያስቀሩ ነገሩት። በርበሬውንም፣ ሸንበቆውንም። ሰርፀ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሰማ።

«ጋሼ፣ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ጠይቄህ ነበር እኮ። ደህና ነኝ አልከኝ።»

«ደህና ስለሆንኩ ነዋ ጋሼ!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ።

«አንተስ» አሉ ጋሽ ስለሺ፣ «ለምን አልጠየቅከኝም?»

ሰርፀ ሣሩን በጫማው ጫፍ ገፋ ገፋ አደረገ። «አርጅተሃል ማለትህ መሰለኝ። ላይክ፣ በጨዋነት ነው ያልነገረኝ አልኩ። ሦስት ቀን መስታወት ፊት ቆሜ እግሬን ሳይ ነበር።»

ጋሽ ስለሺ ያችን የእንጨት ሰሌዳ፣ ያንን ቀጥ ያለ መስመር አዩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ማስመሪያው የእሳቸው እጅ ላይ ነበር። አርባ አራት ዓመት የተናደዱበት ሰው ምናልባት ክፉ አልነበረም ይሆናል። ምናልባት እንደ እሳቸው ሰው እንዳያፍር ብሎ ዝም ያለ ጨዋ ነበር።

«ትሄዳለህ» አሉት።

«ፊሊሞንስ?»

«እሱን ለእኔ ተወው።»

ለሄርሜላ ከመኪናው ሆነው ደወሉ። «ጋሼ፣ ኦ ማይ ጋድ» አለችና፣ «ለፊሊሞን ቴክስት ላድርግለት?» አለች። «ተይ፣ በቴክስት አይሆንም» አሉ።

ፊሊሞን ከእናቱ ጋር ቻምብሊ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ብርቱ ነው፣ ገና ብዙ ጉዞ አለው። ይህንን ደረጃውን ሲወጡ ለራሳቸው ደጋገሙት፤ ምንም አላቀለለላቸውም። በሩን ከፍቶ ፊታቸውን ሲያይ ገና ሳይናገሩ ገባው።

«ሰርፀ ደህና ነው፣ አይደል?»

«ደህና ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፣ የማንም አይደለም። አንተን ደግሞ ያለ ጥፋትህ ነው የማስቀርህ።»

ፊሊሞን የበሩን እጀታ ለቀቀ። «እሺ። እሱ ከእኔ ይሻላል፣ አውቃለሁ። ግን ለእማዬ አንተ ንገራት። እኔ አልችልም፣ ሲሪየስሊ።»

እናቱ ፅጌረዳ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ተንበርክካለች። አጠገቧ የተከፈተ ሻንጣ አለ፤ ሌላ ትንሽ ቦርሳ ደግሞ የሰው መመዘኛ ሚዛን ላይ አውጥታ ቁጥሩን ጎንበስ ብላ ታያለች።

«ውይ ጋሽ ስለሺ፣ ይግቡ ይግቡ! ኤርፖርት ላይ እንዳያስቸግሩት ብዬ እየመዘንኩ ነው። ናይሮቢ ለቀረችው እህቴ ነው፤ እኔ ቪዛ ደርሶኝ ስመጣ እሷን ትቻት መጣሁ። ሃያ ሁለት ዓመት! ከቤተሰብ ዓይኗን የሚያይ የመጀመሪያው ሰው ፊሊሞን ሊሆን ነው እኮ።»

ጋሽ ስለሺ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የተቀመጠላቸውን ወንበር አልተቀመጡበትም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገሯት፤ «ለልጁ ብዬ ነው» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ከአፋቸው መለሱት። ፅጌረዳ አላቋረጠቻቸውም። ከጨረሱ በኋላም ሻንጣው ውስጥ የነበረውን የልጇን ሸሚዝ አንድ በአንድ እያወጣች ሶፋው ላይ አኖረች። ከታች የቀሩት ሹራብ፣ አንድ ጥንድ የሴት ጫማ፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ የቫይታሚን ብልቃጦች ነበሩ። እነሱን ወደ ትንሿ ቦርሳ ጨመረችና ዚፑን ታግላ ዘጋችው።

«ይሄ ሰርፀ የሚሉት ልጅ፣ ደግ ነው?»

«ደግ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ያድርስልኝ። ግን ለሌላ ሰው አደራ እንዳይል፣ በእጇ ይስጣት። አብረው ፎቶ ይነሱና ይላክልኝ።»

«በእጇ ይሰጣታል። እኔ ነኝ ኃላፊው።»

«እርስዎማ ኃላፊ ነዎት» አለች ፅጌረዳ፣ ቀና ብላ ሳታያቸው።

ጋሽ ስለሺ ጎንበስ ብለው ቦርሳውን ሲያነሱ ከገመቱት በላይ ከበዳቸው። ፊሊሞን መጥቶ አንደኛውን ማንጠልጠያ ያዘ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ እርምጃቸውን እያስተካከሉ፣ ሦስቱን ፎቅ ወረዱ።